ውጤቱን ልላክ ወይስ ልተወው? የኤስኤቲ ነጥብና ማንነት በአሜሪካ መራጭ ኮሌጆች ቅበላ

ልጅ ከ1600 በሚታሰበው የአሜሪካ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና፣ በኤስኤቲ፣ 1390 ይዞ ቤት ሲገባ የወላጅ የመጀመሪያ ጥያቄ "ይበቃል?" የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። ለየትኛው ኮሌጅ እንደሚያመለክትና ከየትኛው ትምህርት ቤት እንደመጣ መታወቅ አለበት። ያው 1390 አንዱ ጋ በር ይከፍታል፣ ሌላው ጋ ባይላክ ይሻላል፣ ሦስተኛው ጋ ጭራሽ አይታይም። "ጥቁር ስለሆነ ይቀላል" ወይም "ጥቁር ስለሆነ አሁን አይቀበሉትም" የሚሉት ሁለት ወሬዎችም ሕጉን ካለማወቅ የሚመጡ ናቸው። ከዚህ በታች ምርጫዎቹን እያነጻጸርን እናያለን። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ኮሌጁ ፈተናን እንዴት እንደሚያይ

በኮቪድ ጊዜ መራጭ ኮሌጆች ሁሉ ማለት ይቻላል ፈተናውን ትተውት ነበር። ኤምአይቲ በማርች 2022 መልሶ ግዴታ አደረገው። በ2024 ዳርትማውዝ፣ ብራውን፣ ሃርቫርድ፣ ካልቴክ፣ ኮርኔል፣ ስታንፎርድ፣ ጆንስ ሆፕኪንስና በኦስቲን ያለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተከተሉት፤ በ2025 ፔን (የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ)። ፕሪንስተን ደግሞ ከ2027 እስከ 2028 ባለው የማመልከቻ ዙር እንደሚጀምር አስታውቋል። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ፣ ጆርጂያ ቴክና የፍሎሪዳ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም ውጤት ይጠይቃሉ። ለእነዚህ ስታመለክቱ "ልላክ ወይስ ልተወው" የሚል ጥያቄ የለም፤ ያለው ጥያቄ ከዝርዝራችሁ ይግቡ ወይስ ይውጡ የሚለው ነው።

ዬል በ2024 ያወጣው ደንብ ለየት ይላል። ውጤት ግዴታ ነው፣ ነገር ግን ከኤስኤቲና ተመሳሳዩ ከሆነው ከኤሲቲ ሌላ የኤፒ ወይም የአይቢ (በሁለተኛ ደረጃ የሚሰጡ የኮሌጅ ደረጃ ትምህርቶች) ፈተና ውጤትም ይቀበላል። በኤፒ ካልኩለስና በኤፒ ኬሚስትሪ 5 ያገኘ፣ በኤስኤቲ ንባብ ግን የሚቸገር ልጅ ካለ ይህ በር ለእሱ የተከፈተ ያህል ነው።

ቀጥሎ ውጤት መላክን ለአመልካቹ ምርጫ የተዉ አሉ። ቦውዶይን ከ1969 ጀምሮ፣ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ከ2018 ጀምሮ እንዲህ ናቸው። ሃዋርድና በኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲም በዚሁ መንገድ ሲሠሩ ቆይተዋል። በመጨረሻ ፈተናን ጭራሽ የማያዩ አሉ፤ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች በሙሉ እና የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች። 1580 ያለው ልጅም ለበርክሌይ ወይም ለዩሲኤልኤ ሲያመለክት ውጤቱ ለቅበላ አይቆጠርለትም። ስለዚህ ጎበዝ ተፈታኝ የሆነ ልጅ ዝርዝሩን በእነዚህ ብቻ ቢሞላ ትልቁን መሣሪያውን ቤት ትቶ እንደሄደ ይቁጠረው።

ደንቦቹ በየዓመቱ ስለሚለዋወጡ ልጁ 11ኛ ክፍል ሲጨርስ፣ ማለትም በጁንና በጁላይ፣ የእያንዳንዱን ኮሌጅ የቅበላ ገጽ ከፍታችሁ እሱ ለሚገባበት ዓመት የተጻፈውን አንብቡ። የጎረቤት ልጅ ከሁለት ዓመት በፊት የገባበት ደንብ ዛሬ ላይኖር ይችላል።

"አማራጭ" ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ጠለቅ ብለን እንየው። ኮሌጆች ኮመን ዳታ ሴት የሚባል ሰነድ በየዓመቱ ያወጣሉ። የኮሌጁን ስም ከዚህ ስም ጋር ጽፋችሁ ብትፈልጉ አብዛኞቹን ታገኟቸዋላችሁ። በውስጡ ሁለት ሠንጠረዦች ይበቋችኋል። ሲ7 የሚባለው ኮሌጁ ለትራንስክሪፕት (የክፍል ውጤት መዝገብ)፣ ለፈተና፣ ለድርሰት፣ ለፈርስት ጄኔሬሽን (ወላጆቹ ኮሌጅ ያልጨረሱ ልጅ መሆን)፣ ለተመራቂ ልጅነት (ወላጅ ከዚያው ኮሌጅ መመረቁ) ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጥ ራሱ ምልክት ያደረገበት ነው። ሲ9 ደግሞ ከገቡት ተማሪዎች ስንት በመቶው ኤስኤቲ፣ ስንት በመቶው ኤሲቲ እንደላኩና የላኪዎቹ ውጤት ከየት እስከ የት እንደሆነ ያሳያል።

ሰዎች ቶሎ ብለው የሚያዩት የነጥቡን ክልል ነው። መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን የላኪዎቹ መቶኛ ነው። ፈተና አማራጭ ሲሆን ዝቅ ያለ ነጥብ ያለው አይልክም፤ የሚልከው ከፍ ያለው ብቻ ነው። ስለዚህ የታተመው ክልል ወደ ላይ ይሳባል። አንድ ኮሌጅ "ከ1450 እስከ 1540" ብሎ ካተመና የላኩት 40 በመቶ ብቻ ከሆኑ፣ ያ ቁጥር ስለ ቀሩት 60 በመቶ ምንም አይናገርም። ላኪዎቹ 80 በመቶ ከሆኑ ግን "አማራጭ" የሚለው ቃል ቢኖርም አብዛኛው የገባ ተማሪ ውጤት ይዞ እንደገባ እወቁ፤ ያለ ውጤት የሚያመለክተው ልጅ ትራንስክሪፕቱና ድርሰቱ ጠንካራ መሆን አለባቸው።

አሁን 1390ን ይዘን እንሂድ። እንበል ልጅቷ የምትማርበት ትምህርት ቤት አማካይ የኤስኤቲ ውጤት 1010 ነው (የአገሪቱ አማካይ በ2025 ከተመረቁት መካከል 1029 ነበር)። እናትና አባቷ ኮሌጅ አልገቡም፤ እሷም በሳምንት 15 ሰዓት ትሠራለች። የኮሌጁ ክልል 1450 እስከ 1540 ነው። በቁጥር ብቻ ካየነው ከታችኛው ጠርዝ በ60 ነጥብ ታንሳለች። ግን ከትምህርት ቤቷ አማካይ በ380 ነጥብ ትበልጣለች፤ ማመልከቻ የሚያነበው ሰው ደግሞ ይህንን ማየት ሥራው ነው። የእኛ ምክር ትላከው ነው። ዳርትማውዝ ፈተናውን የመለሰው በ2024 ባደረገው ጥናት ይህንኑ ስላገኘ ነው፤ አቅማቸው ከደከመ ቤተሰቦች የመጡ 1400 አካባቢ ያገኙ ልጆች "ዝቅተኛ ነው" ብለው ይደብቁት የነበረው ውጤት ቢልኩት ይጠቅማቸው ነበር።

ያው 1390 የትምህርት ቤቱ አማካይ 1300 በሆነበት፣ ሁለቱም ወላጆች ሐኪሞች በሆኑበት፣ የግል አስጠኚ በተቀጠረለት ልጅ እጅ ሲሆን ሌላ ነገር ነው። እዚያ ላኪው ከአካባቢው ብዙም ከፍ አላለም፤ ኮሌጁ አማራጭ ከሆነ አለመላኩ ይሻላል።

አጭሩ መለኪያ ይህ ነው። ነጥቡ ከክልሉ መሃል በላይ ከሆነ ሳታመነቱ ላኩ። በታችኛው ጠርዝና በመሃል መካከል ከሆነም ላኩ። ከታችኛው ጠርዝ በታች ከሆነ የትምህርት ቤቱን አማካይ እዩ፤ 200 ነጥብና ከዚያ በላይ ከበለጠ ይላክ፣ ካልሆነ ይቅር። ኢንጂነሪንግ ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ ከሆነ ከድምሩ በፊት የሒሳቡን ክፍል ለብቻው አወዳድሩ፤ ድምሩ ጥሩ ሆኖ ሒሳቡ 640 ከሆነ አንባቢው ዓይን ውስጥ ይገባል። የክፍል ውጤት ጥሩ ካልሆነ ደግሞ ፈተናን መተው ሁለት ክፍተት ይፈጥራል፤ ድካሙን የሚያካክስ ነገር ፋይሉ ውስጥ አይኖርም።

ፈተናው ለምን ተመለሰ ለሚል አንድ መረጃ እንጨምር። ኦፖርቹኒቲ ኢንሳይትስ የተባለው የሃርቫርድ የጥናት ቡድን በ2024 ባወጣው ጽሑፍ፣ በአይቪ ሊግ (እንደ ሃርቫርድና ዬል ያሉ ስመ ጥር የግል ዩኒቨርሲቲዎች) እና በአቻዎቻቸው ውስጥ 1600 ያገኙ ተማሪዎች 1200 ካገኙት ይልቅ የመጀመሪያ ዓመት ጂፒኤያቸው (የክፍል ውጤት አማካያቸው) በ0.43 ይበልጣል ይላል። የሁለተኛ ደረጃ ጂፒኤ ግን እዚያ ብዙም አይለይም፤ ሁሉም 4.0 ይዞ ይመጣልና።

ኤስኤቲ ወይስ ኤሲቲ?

ኮሌጆች አንዱን ከአንዱ አያበላልጡም። ልዩነቱ ለልጁ የቱ ይመቻል ነው፤ ቤት ውስጥ አማርኛ ለሚናገር ልጅ ደግሞ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

ኤስኤቲ 98 ጥያቄ በ2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ነው። ንባብና ጽሑፍ 54 ጥያቄ በ64 ደቂቃ፣ ሒሳብ 44 ጥያቄ በ70 ደቂቃ። የንባቡ ምንባቦች አጫጭር ናቸው፤ ለአንድ ምንባብ አንድ ጥያቄ። ሒሳብ የድምሩ ግማሽ ነው። በ2025 የተለወጠው ኤሲቲ እንግሊዝኛ 50 ጥያቄ በ35 ደቂቃ፣ ሒሳብ 45 በ50 ደቂቃ፣ ንባብ 36 በ40 ደቂቃ አለው፤ ሳይንሱ በምርጫ ሆኗል። ድምሩ የሦስቱ አማካይ ስለሆነ ሒሳብ ሲሶ ብቻ ነው፤ ሁለት ሲሶው የቋንቋ ነው፣ ምንባቦቹም ረጃጅም ናቸው። ስለዚህ ከመጣ ሦስት አራት ዓመቱ የሆነ፣ ሒሳቡ የሚያስተማምን ልጅ በኤስኤቲ ይጠቀማል። እዚህ ተወልዶ በፍጥነት የሚያነብ፣ በሒሳብ የሚያመነታ ልጅ ኤሲቲን ይሞክር። ለማወዳደር ኤሲቲ 28 ከኤስኤቲ 1310፣ 31 ከ1400፣ 34 ከ1500 ጋር ይቀራረባል።

የኤስኤቲ አሠራር አንድ ወጥመድ አለው። እያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሞጁል ነው፤ የመጀመሪያውን እንዴት እንደሠራችሁ አይቶ ሁለተኛውን ቀላል ወይም ከባድ አድርጎ ያቀርበዋል። ቀላሉ የመጣለት ልጅ የቀረውን በሙሉ ቢመልስም ከፍተኛውን ነጥብ አያገኝም። "ሰዓት ላትርፍ" ብሎ የመጀመሪያውን ሞጁል የሚሮጥ ልጅ የሚጎዳው በዚህ ነው። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም፤ ባዶ የሚተው ጥያቄ አይኑር። ሒሳቡ ላይ ዴስሞስ የሚባለው ካልኩሌተር ስክሪኑ ላይ አለ፤ እሱን በደንብ የለመደ ልጅ እኩልታን በእጅ ከመፍታት ይልቅ ግራፉን አይቶ ይመልሳል። ፈተናው የሚሰጥበት ብሉቡክ የተባለው መተግበሪያ ላፕቶፑ ላይ አስቀድሞ መጫንና ዝግጅቱ መጠናቀቅ አለበት፤ ላፕቶፑም ቻርጅ ይኑረው።

ወላጆች ብዙ ጊዜ የማይነገራቸው ነገር አለ። ትምህርት ቤቱ ልጁን እንግሊዝኛ ተማሪ ብሎ መዝግቦት ከሆነ፣ በትምህርት ቀን በትምህርት ቤቱ በሚሰጠው ኤስኤቲ 50 በመቶ ተጨማሪ ሰዓት ሊጠይቅ ይችላል፤ በቅዳሜው ፈተና ግን ይህ የለም። ጥያቄው በካውንስለሩ (በትምህርት ቤቱ አማካሪ) በኩል ቀድሞ ይቅረብ። ገቢያቸው ዝቅ ያለ ቤተሰቦች ልጆች ደግሞ ኤስኤቲን ሁለት ጊዜ በነፃ መፈተን ይችላሉ፤ ይኸው ፈቃድ ውጤት መላኪያንና የብዙ ኮሌጆችን የማመልከቻ ክፍያ ያስቀራል። የሚጠየቀው ከካውንስለር ነው።

የሚሻለው አካሄድ በ11ኛ ክፍል ማርች አንድ ጊዜ፣ በኦገስት ሁለተኛ ጊዜ መፈተን፣ ካስፈለገ ኦክቶበር ላይ መድገም ነው። ብዙ ኮሌጆች ከየፈተናው ምርጥ የሆነውን ክፍል ብቻ ወስደው ይደምራሉ። በማርች ንባብ 640 ሒሳብ 750፣ በኦገስት ንባብ 700 ሒሳብ 720 ያገኘ ልጅ ለእነሱ 1450 ነው።

ማንነት ከጁን 29 ቀን 2023 በኋላ

በዚያ ቀን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሃርቫርድና በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ላይ በሰጠው ውሳኔ ዘርን ለብቻው ቆጥሮ ማበላለጥ አበቃ። በካሊፎርኒያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ1996 ድምፅ፣ በሚሺጋን ከ2006 ድምፅ ጀምሮ አስቀድሞ ተከልክሎ ነበር። ብዙ ኮሌጆች በጋራ በሚጠቀሙበት የማመልከቻ ቅጽ፣ በኮመን አፕ ላይ፣ "ጥቁር ወይም አፍሪካን አሜሪካን" የሚለው ሳጥን አሁንም አለ፤ ኮሌጆች ግን ለውሳኔ ሊጠቀሙበት አይችሉም፣ ከአንባቢዎቻቸውም መደበቅ ይችላሉ። ብትሞሉት አይጠቅምም፣ ብትተዉት አይጎዳም። በዚህ ላይ ቤት ውስጥ የሚደረገው ክርክር ጊዜ ማባከን ነው።

ውሳኔው የተወው በር ድርሰቱ ነው። ዋና ዳኛ ሮበርትስ አመልካች ዘሩ ሕይወቱን እንዴት እንደነካው ቢጽፍ ኮሌጁ ሊያየው እንደሚችል ጽፈዋል፤ ነገር ግን ነገሩ ከልጁ ባሕርይ ወይም ችሎታ ጋር መያያዝ አለበት፣ ኮሌጁም የተከለከለውን በድርሰት በኩል አዙሮ ሊያስገባ አይችልም። በጁላይ 2025 የፍትሕ ሚኒስቴር ያወጣው ማስታወሻ ደግሞ በተዘዋዋሪ መንገድ ዘርን መቁጠር እንዳይኖር አስጠንቅቋል። ስለዚህ "እኔ ማን ነኝ" ብቻ ብሎ የሚቆም ድርሰት ከበፊቱ ያነሰ ይሠራል፤ "ያ ምን አስደረገኝ" የሚለው ነው የሚነበበው።

ሁለት አንቀጾችን እናወዳድር። አንደኛው፦ "ከኢትዮጵያ የመጣሁ ጥቁር ስደተኛ ነኝ። ብዙ ችግር አሳልፌያለሁ፤ ችግሩም ጠንካራ አድርጎኛል።" ሁለተኛው፦ "ሐኪሙ 'ከቁርስ ጋር ትውሰድ' አለኝ፤ ለአያቴ እንደዚያው ተረጎምኩላት። ጾም ነበር፤ እሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። ክኒኑን ለሁለት ሳምንት በዘጠኝ ሰዓት ስትወስድ ከረመች። ቃሉን ሳልስት ነገሩን ስቼው ነበር። አሁን ከሐኪሙ ጋር ስንቀመጥ መጀመሪያ የምነግረው ስለ ጾሟ ነው።" በመጀመሪያው ውስጥ ልጅ አይታይም፤ ሺዎች ሊጽፉት ይችላሉ። በሁለተኛው ውስጥ ስህተቱን ያየ፣ ምክንያቱን የፈለገ፣ ከዚያ ወዲህ በሌላ መንገድ የሚሠራ ሰው አለ። አንባቢው ይህንን "ጥሩ ዳኝነት ያለው ልጅ" ብሎ መመዝገብ ይችላል፤ ሕጉም ይህንኑ ይፈቅዳል። ስለ ቡናና ስለ እንጀራ የሚጻፉ ድርሰቶች የሚወድቁት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ባህሉ ይታያል፣ ልጁ አይታይም።

ስለ ማንነት የመጻፍ ግዴታ የለም። የኮመን አፕ ዋና ድርሰት እስከ 650 ቃል ነው፤ ልጁ ስለ ብስክሌት ጥገና ቢጽፍና ጥሩ ቢሆን ያ ይበልጣል። የቤተሰብ ኃላፊነት፣ የገቢ መቋረጥ፣ በየዓመቱ ትምህርት ቤት መቀየር ለዚሁ በተዘጋጀው አጭር የተጨማሪ ማብራሪያ ክፍል ይግባ። ታናናሾችን መጠበቅና በሱቅ መሥራትም ከ10ሩ የእንቅስቃሴ ቦታዎች አንዱን ይያዝ፤ የእኛ ልጆች ብዙ ጊዜ "ይሄ ምን ይጻፋል" ብለው ይተዉታል።

ፈርስት ጄኔሬሽን የሚለው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ኮሌጆች የሚሉት ወላጆች በየትኛውም አገር የአራት ዓመት ዲግሪ ከሌላቸው ነው። አባት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ እዚህ ታክሲ የሚነዳ ከሆነ ልጁ በዚህ ትርጉም ፈርስት ጄኔሬሽን አይደለም። እውነቱ ይሞላ፤ ዲግሪው እዚህ አለመሥራቱና ቤቱ በምን እንደሚተዳደር በማብራሪያው ይጻፍ። ቅጹ ላይ አንድ፣ የካውንስለሩ ደብዳቤ ላይ ሌላ ከተገኘ ፋይሉ በሙሉ ይጠረጠራል።

ካውንስለሩ የሚልከው የትምህርት ቤት ፕሮፋይልም (ትምህርት ቤቱን የሚገልጸው ሰነድ) አሁን ከበፊቱ ይበልጥ ይፈለጋል። ኤስኤቲን የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ የሰፈርንና የትምህርት ቤትን ሁኔታ ለኮሌጆች ያሳይ የነበረውን ላንድስኬፕ የተባለ መሣሪያ በ2025 አቁሟል። ስለዚህ ፕሮፋይሉ ላይ የትምህርት ቤቱ አማካይ የኤስኤቲ ነጥብና የሚሰጡት የኤፒ ትምህርቶች ብዛት መኖሩን በሴፕቴምበር ጠይቁ። ከላይ ያየነው 1390 ትርጉም የሚኖረው አንባቢው 1010ን ካየ ብቻ ነው።

ቁጥሮቹ ምን ያሳያሉ?

ፈተና ግዴታ መሆኑ የጥቁር ተማሪዎችን ቁጥር ይቀንሳል የሚል ግምት አለ። ከፍርድ ቤቱ ውሳኔ በኋላ በ2024 በገቡት መካከል የጥቁር ተማሪዎች ድርሻ ፈተና በሚጠይቀው ኤምአይቲ ከ13 ወደ 5 በመቶ ወረደ። አምኸርስት ፈተና ሳያስገድድ ከ11 ወደ 3 ወረደ። ዬል ያኔ ፈተና አማራጭ ነበር፤ 14 በመቶው እንዳለ ቆየ። ፕሪንስተንም 9 አካባቢ ቀረ። ስለዚህ የኮሌጁን የፈተና ደንብ አይታችሁ "እዚህ ልጃችንን አይፈልጉትም" አትበሉ።

ይልቅ የገንዘብ ነገር ይታይ። ያው ኦፖርቹኒቲ ኢንሳይትስ በ2023 እንዳሳየው፣ እኩል ነጥብ ካላቸው ልጆች መካከል ከአንድ በመቶዎቹ ባለጸጎች የመጡት ወደ አይቪ ሊግና አቻዎቻቸው የመግባት ዕድላቸው ከመካከለኛ ገቢ ልጆች ከእጥፍ በላይ ነው። ምክንያቶቹ ተመራቂ ወላጅ፣ ስፖርትና ከትምህርት ውጪ ያሉ ነጥቦች ናቸው። በታወቁ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ይህ ልዩነት አልታየም። ዝርዝሩ ውስጥ የራሳችሁ ግዛት ዋና ዩኒቨርሲቲ ይኑር የምንለው በዚህ ነው፤ ክፍያውም ይቀንሳል። ሜሪላንድ በ2024 በመንግሥትም በግል ኮሌጆችም የተመራቂ ልጅን ማስቀደም ከልክላለች፤ ቨርጂኒያ በዚያው ዓመት በመንግሥት ኮሌጆቿ። ገቢው ዝቅ ያለና ጎበዝ ልጅ ደግሞ በ12ኛ ክፍል መግቢያ ክዌስትብሪጅ የተባለውን የስኮላርሺፕ ፕሮግራም ይመልከት፤ ማመልከቻው ሴፕቴምበር መጨረሻ ይዘጋል፣ የተመረጠ ልጅ የአራት ዓመት ሙሉ ወጪ ይሸፈንለታል፣ አሜሪካ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ እስከተማረ ድረስ ዜግነት አይጠየቅም።

ከኢትዮጵያ ለሚያመለክቱ

እዚህ ስሌቱ ይለወጣል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ተሰጥቶ ውጤቱ በመስከረም አካባቢ ይመጣል፤ የአሜሪካ ኮሌጆች መደበኛ ማመልከቻ ደግሞ ከዚያ ቀድሞ፣ ጃንዩዋሪ መጀመሪያ ላይ ይዘጋል። ስለዚህ 12ኛ ክፍል ላይ ሆኖ ለሚያመለክት ልጅ አንባቢው ከሌሎች ጋር ሊያወዳድረው የሚችለው ኤስኤቲ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ኮሌጁ አማራጭ ቢልም መላኩ ይመረጣል፤ የነፃ ፈተናው ፈቃድ ግን ለአሜሪካ ዜጎች ካልሆነ በውጭ አገር አይሠራም። ገንዘብ የሌለው ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያየው ነጥቡን ሳይሆን፣ ኮሌጁ ለውጭ አገር አመልካች የመክፈል አቅምን ሳያይ የሚወስን መሆኑን ነው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ ዳርትማውዝ፣ ብራውን፣ አምኸርስትና ቦውዶይን እንዲህ ናቸው። በሌሎቹ ኮሌጆች ብዙዎቹ የእርዳታ ጥያቄው ራሱ ውሳኔው ላይ ስለሚቆጠር፣ 1500 ያለው ልጅ ገንዘብ በመጠየቁ ብቻ ሊቀር ይችላል።